ፍሬን

ከደጀን ወጣ ብሎ፣ አስፋልቱ ሳያዘቀዝቅ፣
አንድ ኤንትሬ ቆሟል፣ የማይሄድ የማይወድቅ።
ቢጫ ቀለም ጠጥቶ፣ ጎማው በድንጋይ ታዝሎ፣
ግንባሩ ላይ ተጽፏል፣ «ልየው ፈጣን ምግብ» ተብሎ።

ፈጣን!
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንዝር ያልተራመደ፤
ሳንቡሳው እስኪጠበስ ስንቱ ጎማ ቀይሮ ሄደ፤
ድንቹ እስኪላጥ ድረስ ሾፌሩ ያሸልባል፣
ረዳቱ ፀጉር ተቆርጦ፣ ጨርሶ ይመለሳል።
«ፈጣኑ የታለ?» ሲሉት፣ ዘይቱን በጭልፋ አማስሎ፣
«በሊታው ነው ፈጣኑ፣ ሠሪው አልተባለም» ይላል ቀና ብሎ።

ግን ሰው ለሳንቡሳ አይቆምም፣ እውነቱን እንነጋገር፤
የሚቆመው ለብርጭቆው ነው፣ ለዚያ ለተልባው ነገር።
አንጓች ናት የምትቆላው፣ ሚስቱ፣ እሳት ሳታበዛ፣
ሲንጣጣ ጆሮዋን ሰጥታ፣ ታወርዳለች ሳይጠነዛ።
«ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ» እያለች ትወቅጠዋለች፣
በነጭ ሻሽ ታጠልና የደጋ ማር ታክልበታለች፤
የጨው ቅንጣት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ ሌላም አለ የማትናገረው፣
የጠየቃትን ሁሉ «ዓባይ ውሃ ነው» ብላ ነው የምታባርረው።
ሌሊቱን ውጭ ያድራል፣ በእንስራ፣ የገደሉ ንፋስ ሲልሰው፤
ጧት ጥርስን ይቆረጥማል፣ ጉሮሮን ሲያለሰልሰው።

ስሙ «ፍሬን» ነው።
ሳቁ፤ እኔም ስቄ ነበር የመጀመሪያ ቀን፤
ከተልባ የሚያዳልጥ ምን አለና፣ እንዴት ይባላል ፍሬን?
ምላስ ላይ አይቆምም እኮ! ጥርስ አይዘው፣ ከንፈር አይገታው፣
ቁልቁል ነው፣ ልክ እንደ መንገዱ፤ ሆድ ነው ማረፊያ ቦታው።

ያኔ ረዳት ነበርሁ፣ በአይሱዙ፣ ጤፍ ጭነን የምንወርድ፤
ሾፌሬ ይርሳው ይባላል፣ ሰላምታ እንኳ የማይወድ።
እሱ ግን እዚህ ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል፣
ብርጭቆውን በሁለት እጁ እንደ ጠበል ይቀበላል፤
ሳይጠጣ ዓባይን የወረደ፣ ይላል፣ እግሩ ፔዳል ይረሳል።

ምክንያቱን ኋላ ነው የሰማሁት፣ ከጎሚስታው ከአትንኩት፤
ይሄው ኤንትሬ በቆሎ ጭኖ፣ ፍሬኑ አየር ሆነ ሲረግጡት።
ሦስት ኩርባ በማርሽ ያዘው፣ በአራተኛው ተራራውን ታከከ፣
ግማሽ ጎኑን ለድንጋይ ሰጥቶ ጫፉ ላይ ተንበረከከ።
ልየው በመስኮት ወጣ፣ ጫማው ባንድ እግሩ ቀርቶ፣
ረዳቱን ከበቆሎው ሥር አወጡት፣ ሲያስነጥስ፣ ፀጉሩ በአቧራ ነጥቶ።

ከዚያ ወዲያ መሪ አልነካም። መኪናውን ግን አስጎተተ፣
ዳገቱን ሁሉ አስወጥቶ ከዚህ ጫፍ ላይ ጎለተ።
የፍሬኑን ፔዳል ፈትቶ፣
ባንኮኒው ላይ አኖረው፤ የሻሹ ክብደት ነው ዛሬ፣
ሲጠይቁት «ሥራ አገኘ» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም ወሬ።

አምና መንገድ ሊሰፋ ነው ተባለ። ቀይ ቀለም የያዘ ልጅ መጣ፣
ኤንትሬው ጎን ላይ ኤክስ አሰመረ፣ «በአሥር ቀን ይውጣ»።
ሾፌር ሁሉ ሰማ። በሰባተኛው ቀን ሲኖ፣ ተሳቢ፣ አይሱዙ፣
ሳይጠራ መጣ፤ ገመድ ያላቸው ገመድ ያዙ።
ድንጋዩን ከጎማው ሥር ስናነሳ፣ ጉንዳን፣ ሳንቲም፣ የብርጭቆ ስባሪ፤
«መሪውን ማን ይይዛል?» ተባለ። ዝም አለ ያ ሁሉ አሽከርካሪ።

ጋሽ ልየው ሽርጡን ፈታ።
በዘይት እጁ በሩን ያዘ፤
ወጣ።
ሲኖው ጎተተ፤ ያ ሁሉ ዘመን የዛገ ብረት ቃተተ።
እኔ ደረጃው ላይ ነበርሁ፣ አንገቴን በመስኮት አስግጌ፣
የጎማውን ድንጋይ አሁንም በእቅፌ አድርጌ።
ሜዳ ነው፤ አርባ እርምጃ፤ ሕፃን እንኳ አያስፈራም።
ግን ቀኝ እግሩን አየሁት፤
ፔዳሉ የለም፤ ወለሉን ይረግጣል፣
ደጋግሞ፤ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል።
ሲኖው ቆመ። ኤንትሬው ቆመ። እሱ ግን ገና ይወርድ ነበር፤
አንጓች በመስኮቱ ብርጭቆ ባታቀብለው፣ እንጃ የት ይደርስ ነበር።

ጠጣው፣ ባንድ ትንፋሽ።
ወርዶ ሽርጡን አሰረ፤ ቀዩን ኤክስ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ፣
«ዘይቱ ቀዘቀዘ» አለና ክብሪት ፈለገ።

ዛሬ እኔም መሪ ጨበጥሁ። ደጀን ስደርስ እቆማለሁ፣
ሳንቡሳ አዝዤ፣ ፀጉሬን ተቆርጬ እመለሳለሁ፤
ገና ነው።
ተልባዬን በሁለት እጄ ይዤ ገደሉን አያለሁ።